ማንም ያልሞተበት ድንኳን

አሥራ አንድ ዓመት የጻፍኩትን ታሪክ በሌለሁበት ስብሰባ ኮሜዲ አደረጉብኝ። የተበደልኩት ይህን ነው። ያን ቀን የቀረሁት ተኝቼ አይደለም፤ ኮሚቴው ራሱ ልኮኝ፣ ለቅሶ ቤት የቀሩ የእድሩን ወንበሮች ለማስመለስ ሄጄ ነው። ጸሐፊ የራሱን ጉዳይ ከስብሰባው ጉዳይ ጋር ማደባለቅ ስለማይገባው፣ ብሶቴን ከመስመሩ በላይ ጽፌ እዚህ ላይ አቆማለሁ። ከመስመሩ በታች ያለው የስብሰባው ነው።

ገብረዋህድ፣ ጸሐፊ

____________

የዋንዛው ሥር መረዳጃ እድር የሥራ አመራር ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ 3፡50 ተጀመረ።

ቦታ፦ ካዛንቺስ የነበረው የእድሩ አዳራሽ ከሰፈሩ ጋር ስለፈረሰ፣ ከቡልጋሪያ ወደ ቂርቆስ በሚወስደው የውስጥ መንገድ፣ በአቶ ዓብዱልሀኪም ጋራዥ ግቢ፣ በእድሩ ድንኳን ውስጥ።

የተገኙ፦
1. አቶ ታዲዎስ፣ ሊቀመንበር፣ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተገለሉ
2. አቶ ዓብዱልሀኪም፣ አባል፣ የጋራዡ ባለቤት
3. ወ/ሮ ራሂማ፣ አባል፣ የጨርቅ ነጋዴ
4. ወ/ሮ ሀብትነሽ፣ የንብረት ኃላፊ (የድንኳን፣ የአግዳሚና የድስት)
5. ገብረዋህድ፣ ጸሐፊ

ያለ ድምፅ የተገኘ፦ ዳግም፣ የሊቀመንበሩ የእኅት ልጅ፣ 27 ዓመት፣ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ፣ ለፊልሙ ዳይሬክተር ተብሎ የተመረጠ።

ያልተገኙ፦ ሁለት። አንደኛው ታመዋል። ሁለተኛው ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ እንደተለመደው አውቶቡስ እየጠበቁ መሆናቸውን በስልክ ገልጸዋል። ስብሰባው ሲያልቅም እየጠበቁ ነበር።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አባላት አምስቱ ስለተገኙ ተሟልቷል።

ስለ ጉዳዩ ለማያውቅ አንባቢ፦ እድሩ የተመሠረተበትን ሃምሳኛ ዓመት ለማክበር፣ ጸሐፊው የጻፈው ታሪክ ፊልም እንዲሆን በነሐሴ ወር ተወስኖ ነበር። ታሪኩ በልጅነቷ ተማርካ ስለተሸጠች ሴት ነው። በአንድ ገዥ ቤት እህል ትፈጭ ነበር። ከፈጪነት የጎተራ ቁልፍ ያዥ ሆነች። ከዚያ ለገዥው ልጆች ወለደችለት። ገዥው ዓይኑ ሲጠፋ ማኅተሙን ይዛ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ፣ ሰባት ዓመት አገር አስተዳደረች። ጌታዋ ያወጣላት ስም ትምጣ ነው። ጽሑፉ በእጅ 412 ገጽ ነው።

ተራ ቁጥር 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ስለማጽደቅ

ሊቀመንበሩ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ጸሐፊው እንዲያነብ ጠየቁ። ጸሐፊው በሌለበት የተጻፈ ነገር በአፉ እንደማያልፍ አስታወቀ። ሊቀመንበሩ «አንተ ሰውዬ፣ አንብብ ነው ያልንህ እንጂ ዋጠው አላልንህም» አሉ። ጸሐፊው ይህ እንዲመዘገብ ጠየቀ፤ ራሱም መዘገበው።

ቃለ ጉባኤውን ዳግም አነበበ። በውስጡ «ሕዝቡ ኀዘን ስለበዛበት ፊልሙ ታሪካዊ ኮሜዲ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» የሚል ይገኝበታል። ጸሐፊው ሙሉ ድምፅ የተባለው ማንን ሳይጨምር እንደሆነ ጠየቀ። አቶ ዓብዱልሀኪም «አንተን ሳይጨምር ነዋ፤ አልነበርክማ» ሲሉ መለሱ። ጸሐፊው ቀጥሎ፣ በ412 ገጽ ውስጥ ሳቅ የሚለው ቃል አንድ ቦታ ብቻ እንደሚገኝ፣ እሱም ገጽ 88 ላይ «ሳቅ አልነበረም» የሚል መሆኑን አስረዳ።

ዳግም «ጋሼ፣ ማለቴ፣ እርስዎ ሳያውቁት ነው ኮሜዲ የጻፉት። በቃ ታለንት ነው» አለ። ጸሐፊው ይህ ስድብ መሆን አለመሆኑ እንዲጣራለት ጠየቀ። አልተጣራም።

ከብዙ ውይይት በኋላ ያለፈው ቃለ ጉባኤ በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። ወ/ሮ ሀብትነሽ እጃቸውን ያነሱት ዝንብ ለማባረር እንደነበረ ዘግይተው ገለጹ፤ ድምፁ ግን አስቀድሞ ተቆጥሮ ነበር።

ተራ ቁጥር 2፦ ድንኳኑ ለቤተ መንግሥትነት ስለመብቃቱ

ድንኳኑ ከጠዋቱ 2፡00 ጀምሮ የተተከለው ዳግም በካሜራ ሊያየው ስለፈለገ መሆኑ ተገለጸ። ዳግም አይቶ «ላይቱ አሪፍ ነው፣ ግን ጽሑፉ ሾቱን ይገድለዋል» አለ። ጽሑፉ የሚለው በድንኳኑ ፊትና ጎን ክንድ በሚያህል ፊደል የተጻፈውን «የዋንዛው ሥር መረዳጃ እድር» ነው።

ሊቀመንበሩ ድንኳኑ ተገልብጦ እንዲተከል ሐሳብ አቀረቡ። ወ/ሮ ሀብትነሽ በጣሪያው ውስጥ በኩል፣ ድንኳኑ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሳለ ከስድስት ዓመት በፊት የተደፋ ቀይ ወጥ እንዳለ፣ በኦሞም፣ በበረኪናም፣ በጸበልም ሞክረው እንዳልለቀቀ አስረዱ። አቶ ዓብዱልሀኪም ወጡ የጦርነት ደም ተብሎ ሊታለፍ እንደሚችል ተናገሩ። ወ/ሮ ራሂማ በቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ ጠየቁ።

ስለ ዙፋን፦ አቶ ዓብዱልሀኪም ለጥገና ከገባ ሚኒባስ የፈቱትን የጋቢና ወንበር በነፃ አበረከቱ። ሊቀመንበሩ የጋቢና ወንበር ለሁለት ሰው መሆኑን፣ ገዥ ደግሞ ብቻውን እንደሚቀመጥ አስገነዘቡ። አቶ ዓብዱልሀኪም «በሁለት ይሰንጠቅ እንዳትሉኝ፤ ባለመኪናው ዛሬ ይመጣል» ብለው አስጠነቀቁ።

ከብዙ ውይይት በኋላ፦ ድንኳኑ ጽሑፉ በማይታይበት በስተጀርባው ብቻ ቤተ መንግሥት እንዲሆን፤ በወንበሩ ላይ ከገዥው ጎን አንድ ዝም የሚል ሰው እንዲቀመጥ ተወሰነ።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ጸሐፊው የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ አስታወሰ። አንቀጽ 9፦ ድንኳን ከተተከለ ሠልስት ሳይወጣ አይነቀልም። አንቀጽ 14፦ በድንኳን ውስጥ የሳቀ ሰው የእድሩን ድስት ያጥባል። ሊቀመንበሩ ይህ ለለቅሶ ጊዜ መሆኑን ተናገሩ። ጸሐፊው ደንቡ ድንኳን እንደሚል እንጂ ለቅሶ እንደማይል፣ ይህንንም ደንቡን በ1968 ዓ.ም. በገዛ እጁ ስለገለበጠ በሚገባ እንደሚያውቅ መለሰ። ሊቀመንበሩ «እሺ አባቴ፣ የሳቀ ያጥባል» አሉ። ይህ እንደ ውሳኔ ተያዘ።

ተራ ቁጥር 3፦ ተዋናይት ስለመምረጥ

ሊቀመንበሩ ልጃቸው ፍሬሰላም እንድትመረጥ በትሕትና አመለከቱ፤ ቁመቷ፣ አንገቷና አረማመዷ ለንግሥትነት የተፈጠረ መሆኑን ዘረዘሩ። ወ/ሮ ራሂማ በበኩላቸው የእኅታቸውን ልጅ ጁወይሪያን አቀረቡ፤ እሷ ገና ሳትነግሥ ቤቱን ሁሉ ስታዝዝ እንደምትውል መሰከሩ።

ዳግም «ችግር የለም፣ ሁለቱንም ኦዲሽን እናያለን። መጀመሪያ ያለችውን ሲን ነው የማሠራቸው፣ ገበያ ላይ የምትሸጠውን» አለ።

ሊቀመንበሩ ልጃቸው የምትሠራው ንግሥቲቱን እንጂ የምትሸጠውን እንዳልሆነ ገለጹ። ዳግም «ጋሼ፣ አንድ ሰው ናት እኮ» አለ። ሊቀመንበሩ «አንድ ትሁን ሁለት ትሁን አላውቅም። ልጄ ገና አላገባችም። ነገ ሽማግሌ ሲመጣ 'ያችኛዋ ናት፣ ስትሸጥ ያየናት' እንዲባል ነው የምትፈልገው?» አሉ። ወ/ሮ ራሂማ ሊቀመንበሩን ሲደግፉ በኮሚቴው ታሪክ ይህ የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የሚከተሉት ሐሳቦች በተከታታይ ቀረቡ።

ፊልሙ ሴትዮዋ ዙፋን ላይ ከተቀመጠችበት ቀን እንዲጀምር። ጸሐፊው እንዲያ ከሆነ ከየት ተነሥታ እንደተቀመጠች ጠየቀ። ሐሳቡ ውድቅ ሆነ።

የተሸጠችው አንዲት ሴት፣ የነገሠችው ሌላ ሴት እንድትሆን። ይህ በደስታ ተቀባይነት አገኘ። የተሸጠችውን የሚሠራ ሰው ግን አልተገኘም። አቶ ዓብዱልሀኪም ሴት ልጅ ስለሌላቸው አላህን አመሰገኑ።

የተሸጠችው ሳትታይ ድምጿ ብቻ እንዲሰማ። የማን ድምፅ ተብሎ ተጠየቀ። ሐሳቡ ውድቅ ሆነ።

የተሸጠችውን የምትሠራ ልጅ ከሌላ ሰፈር እንድትመጣ፣ ለምሳሌ ከወሎ ሰፈር። ወ/ሮ ራሂማ ተወልደው ያደጉት ወሎ ሰፈር መሆኑን ገልጸው፣ ወሎ ሰፈር ለምን በምሳሌ እንደተጠራ ማብራሪያ ጠየቁ። ሊቀመንበሩ አፋቸው ላይ ስለመጣ ብቻ መሆኑን አስረዱ። ወ/ሮ ራሂማ አፋቸው ላይ ለምን እንደመጣ ጠየቁ። ይህ ሃያ ደቂቃ ወሰደ።

ከብዙ ውይይት በኋላ ልጅቷ ከኦሎምፒያ እንድትመጣ በሙሉ ድምፅ ለመወሰን ተቃረበ፤ ከተሰብሳቢው የኦሎምፒያ ሰው ስላልነበረ ነው። ጸሐፊው ድምፁን አልሰጠም። ምክንያቱን ተጠይቆ የለኝም አለ። በአራት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወሰነ።

ወ/ሮ ሀብትነሽ «ጋሽ ገብረዋህድ፣ ፊትዎ ልክ አይደለም፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አሉ። ጸሐፊው ስብሰባው እንዲቀጥል ጠየቀ።

ተራ ቁጥር 4፦ በአጀንዳ ያልተያዘ ጉዳይ

4፡25 ላይ ወ/ሮ ሸዋዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ወ/ሮ ሸዋዬ ካዛንቺስ ሳለን የጸሐፊው የግድግዳ ጎረቤት ነበሩ፤ ዛሬ የሚኖሩት ከከተማ ዳር ነው። በሚኒባስ ሲያልፉ በጋራዡ በር የእድሩን ድንኳን አይተው፣ «ወራጅ» ብለው መውረዳቸውን ተናገሩ። ከዚያ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ሊቀመንበሩ ተነሥተው፣ እጃቸውን በወ/ሮ ሸዋዬ ትከሻ ላይ አድርገው፣ «ሸዋዬ፣ አይዞሽ፣ ማንም አልሞተም» አሏቸው።

ወ/ሮ ሸዋዬ ማልቀስ ጀመሩ። ለምን እንደሚያለቅሱ ሲጠየቁ፣ ወንድማቸው የሞተ ዕለት እኚሁ ሊቀመንበር፣ በዚሁ ድምፅ፣ እጃቸውን እዚሁ ትከሻቸው ላይ አድርገው «ማንም አልሞተም» ብለዋቸው እንደነበር አስረዱ። ሊቀመንበሩ ያኔ ማርዳታቸው እንደነበረ፣ አሁን ግን እውነታቸውን መሆኑን ተናገሩ። ወ/ሮ ሸዋዬ «ያኔም እውነቴን ነው ብለኸኛል» አሉ።

ከዚህ በኋላ ድንኳኑን ያየ የቀድሞ ሰፈርተኛ ሁሉ መግባት ጀመረ። እስከ 5፡00 ሰዓት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ተቀምጠዋል። ለእያንዳንዱ ማንም እንዳልሞተ ተነገረው። እያንዳንዱም የሞተው የራሱ ሰው መሆኑን ተረዳ። አቶ ኢዘዲን የሚባሉ ልብስ ሰፊ ለእናታቸው ስልክ ደውለው ስላልተነሣላቸው ራሳቸውን ይዘው አለቀሱ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እናታቸው መልሰው ደወሉ፤ ሠርግ ቤት ሆነው ስልኩን አልሰሙትም ነበር። ልጃቸው ሲያለቅስ ሲሰሙ ግን ሰው እንደሞተ አውቀው፣ አብረዋቸው ያሉትን ሠርገኞች ይዘው እየመጡ መሆኑን አስታወቁ።

ዳግም ይህን ሁሉ በካሜራው እያነሣ ነበር። «ይሄ ራሱ ፊልም ነው» ማለቱ ተመዝግቧል።

ሊቀመንበሩ ድንኳኑ በአስቸኳይ እንዲነቀል ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊው አንቀጽ 9ን አነበበ። ሊቀመንበሩ ጸሐፊው ከደንቡ ጋር እንዲቀበር ተመኙ። አቶ ዓብዱልሀኪም ያለው መፍትሔ ጉዳዩ ፊልም መሆኑን ለእንግዶቹ በተግባር ማሳየት እንደሆነ፣ ለዚህም ከጽሑፉ አንድ አስቂኝ ቦታ እንዲነበብ ጠየቁ። ጸሐፊው አስቂኝ ቦታ እንደሌለ አስታወቀ። ዳግም «የመጋረጃዋን» አለ። በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ገጽ 213 እንዲነበብ ተወሰነ። አንባቢ ወ/ሮ ሀብትነሽ ሆኑ።

የገጽ 213 ይዘት ባጭሩ፦ መኳንንቱ ለፍርድ ቀርበው፣ በመጋረጃው ጀርባ ያለው ገዥው እየመሰላቸው ተደፍተዋል። ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ትምጣ ናት፤ ቆሎ እየበላች ነው። መኳንንቱ የሚሰሙት ሲቆረጠም ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሲቆረጠም ተፈረደብን ብለው ይደነግጣሉ፤ ሁለት ጊዜ ሲቆረጠም ተፈረደልን ብለው እጅ ይነሣሉ። አንድ ባላባት ሦስት ጊዜ ቢሰማ፣ ርስት የተጨመረለት መስሎት መሬት ስሞ እያመሰገነ ይወጣል።

ሊቀመንበሩ ሳቁ። አቶ ዓብዱልሀኪም ሳቁ። ወ/ሮ ራሂማ አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ሳቁ፤ መሸፈኑ በደንቡ አይቆጠርም። ዳግም ካሜራው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። የአራቱም ስም ለድስት ተመዘገበ። ጸሐፊው ሴትዮዋ ቆሎ የምትበላው ከማለዳ ጀምራ ስትፈርድ ውላ፣ ምንም ስላልቀመሰች መሆኑን፣ ቦታው የሚናገረው ስለ ረሃብ መሆኑን አስረዳ። ይህ ሲነገር ሊቀመንበሩ ይበልጥ ሳቁ። ሁለት ድስት ተመዘገበባቸው።

ከእንግዶቹ አንድም የሳቀ አልነበረም። እያለቀሱ ነበር። ወ/ሮ ሸዋዬ «አሁን ገባኝ። እሷ ናት የሞተችው። ይህች ሴት የማን ናት?» ብለው ጠየቁ።

ሊቀመንበሩ የማንም እንዳልሆነች፣ የፊልም ሰው መሆኗን ነገሯቸው።

ወ/ሮ ሸዋዬ «የማንም ያልሆነ ሰው የለም፣ ታዲዎስ። የማንም ያልሆነ ሰው አለ ከተባለ እድር ምን ይሠራል? የለቅሶዋ ባለቤት ማን ነው? እግዜር ያጥናህ ብለን እንድንሄድ ንገረን» አሉ።

ሰው ሲናገር የራሱን ንግግር መመዝገብ ስለማይችል፣ የሚከተለውን የጻፉት ወ/ሮ ሀብትነሽ ናቸው።

ጋሽ ገብረዋህድ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጥተው ተነሡ። የእኔ ናት አሉ። የአያቴ እናት ናት አሉ። ስትሞት ልጆቿ ባለማዕረግ ሆነው ነበርና ለቅሶ ከለከሉ። ለቅሶ ከተጠራ ዘመዶቿ የታሉ ይባላል፣ የሚመጣ ዘመድ የለም፣ ከየት እንደመጣች ይወራል። ስለዚህ በሩ ተዘግቶ ዋለ። ዳስ አልተጣለም። ሰው እንዲያለቅስላት አልተፈቀደም። ትምጣ ጌታዋ ሲጠራት ያወጣው ነው፣ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቅ የለም። ይህን አያታቸው ሊሞቱ ሲሉ ነገሯቸው። ለሰው ሲናገሩ ዛሬ የመጀመሪያቸው ነው። ከዚያ ተቀመጡ። የምጽፈው አልቆብኛል።

ወ/ሮ ሀብትነሽ የጻፉት ተነቧል። ሳይጨመርና ሳይቀነስ ተቀብዬዋለሁ።

እንግዶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ጸሐፊውን «እግዜር ያጥናህ» አሉት። አቶ ኢዘዲን «አላህ ያጽናህ» ብለው አጠገቡ ተቀመጡ። ጸሐፊው ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው መሆኑን ለእያንዳንዳቸው አስታወሰ። ወ/ሮ ሸዋዬ «የዘገየ ለቅሶ አይቅር እንጂ» አሉ።

ወ/ሮ ራሂማ ከእነሱም ቤት እንዲህ ያለች አያት እንዳለች፣ ስሟ ግን እንደማይነሣ ተናገሩ። አቶ ዓብዱልሀኪም እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ፤ እጃቸው ላይ ግን ግራሶ አልነበረም። ዳግም ካሜራውን አጥፍቶ «ጋሼ፣ ማለቴ...» ብሎ አልጨረሰም። ሊቀመንበሩ ፍሬሰላም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ፣ ስትሸጥም፣ ስትፈጭም፣ ስትነግሥም እንድትሠራው ፈቅጃለሁ አሉ። ይህን ሲናገሩ ያዩት መሬት መሬት ነበር።

ወ/ሮ ሸዋዬ ዓይናቸውን ጠርገው «ቆሎው ግን፣ ይቅር በሉኝ፣ ያስቃል» አሉ። ሳቁም። እንግዶቹም ሳቁ። ባላባቱ መሬት ስሞ የወጣበትን ወ/ሮ ሀብትነሽ ደግመው እንዲያነቡላቸው ጠየቁ፤ ተነበበ።

በዚህ ጊዜ ጸሐፊው ሳቀ ተብሎ ተጠቆመ። ጸሐፊው ሳል መሆኑን ገለጸ። ጉዳዩ ለድምፅ ቀረበ። በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ሳቅ መሆኑ ተወሰነ። ጸሐፊው ስሙን በድስት አጣቢዎች ዝርዝር ውስጥ በገዛ እጁ ጽፏል።

ተራ ቁጥር 5፦ የመጨረሻ ውሳኔ

6፡40 ላይ የሚኒባሱ ባለቤት መጥቶ ዙፋኑን ወሰደ። ሠርገኞቹም ከወሎ ሰፈር ደረሱ፤ የአቶ ኢዘዲን እናት ማን እንደሞተ ሲነገራቸው «እሷስ ትለቀስ፤ ለእሷ ማን አለ?» ብለው ተቀመጡ። ሠርገኛ ባዶ አፉን ስለማይሸኝና ለቀስተኛም ንፍሮ ስለሚቀርብለት፣ ድስት በአስቸኳይ አስፈለገ። ቅጣቱ ወዲያው ተፈጸመ። ሊቀመንበሩ ሁለት ድስት አጥበዋል። አንደኛው ተመልሶ ታጥቧል።

ዳግም ፊልሙ ኮሜዲ ይሁን ወይስ ትራጀዲ ተብሎ አሁን እንዲወሰን ጠየቀ። ወ/ሮ ራሂማ በሰው ለቅሶ ላይ ካሜራ መደቀን ነውር መሆኑን ተናገሩ። ሊቀመንበሩ ደግፈው፣ ስለ ሁሉም ነገር አንድ ውሳኔ አረቀቁ።

ከብዙ ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ በነሐሴና ባለፈው ወር የተወሰነውም ጭምር፣ እንዳልተወሰነ ይቆጠር። ፊልም የሚባል ነገር ቀርቷል። ከኦሎምፒያ የምትመጣ ልጅ የለችም። ቤተ መንግሥቱ ድንኳን፣ ዙፋኑ የጋቢና ወንበር፣ ዳይሬክተሩም የአቶ ታዲዎስ የእኅት ልጅ ሆነው ወደ ቀድሞ ቦታቸው ይመለሱ። ኮሜዲ የሚለው ቃል ካለፈው ቃለ ጉባኤ ይሰረዝ።

የድስት ቅጣት ውሳኔ ሳይሆን ደንብ ስለሆነ አልተሻረም። ቀድሞም ታጥቧል።

የቀረው ድንኳኑ ነበር። ሊቀመንበሩ «ሁሉም ከተሻረ ድንኳኑም ይነቀል አይደል?» ብለው ጸሐፊውን ጠየቁ። ጸሐፊው አንቀጽ 9ን ሊያነብ ሲጀምር ሊቀመንበሩ ከአፉ ነጥቀው እስከ መጨረሻው በቃላቸው ወጡት። ድንኳኑ እስከ ማክሰኞ፣ እስከ ሠልስቱ፣ በሟቿ ስም እንዲቆይ፣ በእነዚህ ቀናትም ወ/ሮ ሀብትነሽ ለለቀስተኛው ጽሑፉን ከገጽ 1 ጀምረው እንዲያነቡ ሊቀመንበሩ ሐሳብ አቀረቡ።

ጸሐፊው ተቃወመ። በአንቀጽ 3 መሠረት ለአባል ድንኳን የሚተከለው ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወላጅና ለአያት ነው። ለአያት እናት የሚል የለም። ደንብ ለአንድ ሰው ተብሎ አይዘረጋም፤ ለጸሐፊው ሲባል ደግሞ ይልቁንም።

ሊቀመንበሩ «ገብረዋህድ፣ ዝም በልና ድምፅ ቁጠር» አሉ።

ጸሐፊው ቆጠረ። በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ድንኳኑ እንዲቆይ ተወሰነ። ወ/ሮ ሀብትነሽ በዚህኛው ጊዜ ዝንብ እንዳልነበረ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል።

በእድሩ የሟቾች መዝገብ ላይ የሚከተለው ሰፍሯል፦ ስም፣ ትምጣ። እናቷ ያወጣችላት ስም፣ አልታወቀም። የለቅሶው ባለቤት፣ ገብረዋህድ። ቀብር፣ ቀድሞ ተፈጽሟል። ለቀስተኛ፣ ስልሳ ሦስት።

ስብሰባው ከቀኑ 7፡35 ተበተነ፤ የተበተነው ግን ስብሰባው ብቻ ነው፤ ሰዉ እንደተቀመጠ ነው።

____________

ከመስመሩ በታች፦ በመጀመሪያ የጻፍኩት በደል እውነት ነው፤ አልሰርዘውም። ውሳኔው ተሽሯል፣ በደሉ ግን ተፈጽሟል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። አያቴ የነገረችኝንም ተናግሬዋለሁ። ማክሰኞ ድንኳኑ ይነቀላል። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር፣ ስለ በደሌም ሆነ ስለ ሴትዮዋ፣ ወይም ስለዚያ ሳል፣ የሚጠይቀኝ ሰው ከእኔ አንዲት ቃል አያገኝም።